ሁለት ጊዜ የጮኸችው ቦምቦላ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሴት ነኝ፣ ይሄን መጀመሪያ ያዙልኝ። ጂን የለም አልልም፣ አለ፣ ግን ጂን ሰባተኛ ምን ሊሠራ ይመጣል? እዚያ ሰፈር እንኳን ለጂን ለሰውም መቆሚያ የለም፣ ገና አንድ እግሩን ሳያሳርፍ ተሸካሚው «መንገድ! መንገድ!» እያለ ገፍትሮት ያልፋል። ጎረቤቶቼ እገሌ ድምፅ ሰማ፣ እገሊት ጥላ አየች ሲሉ እኔ «አይጥ ነው» እላለሁ። ሁሌ አይጥ ነው። ወላሂ መርካቶ ስኖር ያልገባኝን ነገር ሁሉ በአይጥ ነው ያለፍኩት። ያን ቀን የሆነውን ግን አይጥ አይሠራውም።

ፊደል አልቆጠርኩም፣ ይሄን የምትጽፍልኝ የልጄ የፎዚያ ልጅ ነጅዋ ናት፣ «አያቴ ቀስ በይ» ትለኛለች፣ ቀስ ካልኩ ደግሞ እረሳዋለሁ፣ እንግዲህ እንደ ምንም ትድረስብኝ።

ባለቤቴ ከድር፣ አላህ ይርሃመው፣ በያጅ ነበር። በኋላ ዓይኑ እሳቱን አልችል ሲል ብየዳውን ተወና ለሌሎቹ በያጆች ጋዝ ማቅረብ ጀመረ፣ ባዶውን ቦምቦላ ፋብሪካ ወስዶ ያስሞላል፣ የተሞላውን ሱቅ ያቆማል፣ በያጆቹ እየመጡ ይወስዳሉ። ሱቁ ከቤታችን ፊት ነው፣ ከኋላው ግቢያችን አለ። እኔም እዚያው ከጎኑ ሆኜ ጋዙን እንደ ጎረቤት ለመድኩት። «ጋዝ እንደ ሰው ነው፣ ጸባዩን ካወቅሽው አብሮሽ ይኖራል» ይለኝ ነበር። ኦክስጅን ራሱ አይነድም አለኝ፣ ሌላውን ነው የሚያነደው፣ ልክ እንደ አንዲት ጎረቤታችን፣ ስሟን ልጠራ ነበር ነጅዋ ተይው አለችኝ። ለታመመ ሰው ትንፋሽ የሚሆነውም እሱ ነው፣ ብረት የሚቆርጠውም እሱ። አሲትሊን ግን ግልፍተኛ ነው፣ ብልጭታ ካየ አይመለስም፣ ሁለቱ ሲገናኙ ብረቱን እንደ ሻማ ነው የሚያቀልጡት። ለስላሳ ውስጥ የሚፍለቀለቀው ደግሞ ከባድ ነው፣ መሬት ለመሬት ይተኛል፣ እሳት ያፍናል፣ ጉድጓድ ውስጥ ከተገናኛችሁ ሰውም ያፍናል። ናይትሮጅን የሚሉት ጨዋ ነው፣ አይነድም አያነድም፣ በጣም ቀዝቅዞ ውሃ ሲሆን የኮርማ ዘር ያስቀምጡበታል አለኝ፣ እዚህ ላይ «አንተ ሰውዬ፣ ቀልድህን ተው» ብዬ ሳኩበት፣ ለካ እውነቱን ነው።

ቦምቦላው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ስለማልችል በቀለም አስተማረኝ፣ ረጅሙ ጥቁር ኦክስጅን፣ አጭሩ ቀይ አሲትሊን። «ቀለሙ ቢላጥስ?» አልኩት። መፍቻውን አነሳና ኦክስጅኑን መታው፣ ጭልልል አለ፣ እንደ ደወል። አሲትሊኑን መታው፣ ድብ፣ አለቀ። ሆዱ ውስጥ እንደ ስፖንጅ ያለ ነገር ተጎስጉሶበታል አለኝ፣ ጋዙ እዚያ ውስጥ ተሸጉጦ ነው የሚቀመጠው፣ ባዶ ቦታ ካገኘ ይረብሻል። ስለዚህ ሙሉም ይሁን ባዶ፣ አሲትሊን አይጮህም። ይቺን አደራ አትርሷት።

ከድር ሁለት ነገር ነበረው። አንደኛው፣ ሁልጊዜ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት በሩ ጋ ያለውን ረጅም ኦክስጅን በመፍቻው ሶስት ጊዜ ይመታል፣ ጭል፣ ጭል፣ ጭል። ለምን ብትሉት «ሰላም እያልኳቸው ነው» ይላል። ሰፈሩ ሰዓቱን የሚያውቀው በዚያ ነበር። ሁለተኛው፣ ቅቤ የተቀባ ሰው ሱቁ ውስጥ አያስገባም። ኦክስጅንና ቅባት ከተገናኙ ክብሪት አያስፈልጋቸውም፣ ራሳቸው ይነሳሉ ይላል። እኔ ደግሞ ቅቤ እወዳለሁ። ለኢድ ተቀብቼ አምሮብኝ ወደ ሱቁ ብቅ ስል፣ እጁን ዘርግቶ «ራህማ፣ እዚያው! እዚያው ሆነሽ አምሪ!» እያለ ነበር የሚያባርረኝ። ገበያተኛው ሁሉ ይስቃል። ከሞተ በኋላም ሱቁን እኔ ስይዝ ያቺን ደንቡን አልጣስኩም፣ ቅቤ ከተቀባሁ በሩ ላይ ቆሜ ነው የማዘው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ፎዚያ አምስት ዓመቷ እያለች በኢድ ቀን አባቷ አንዋር መስጊድ አጠገብ የሚበር ፊኛ ገዛላት፣ ሶማሌ ተራ ሳይደርሱ አመለጣት። ሰማይ ሰማይ እያየች አለቀሰች፣ አለቀሰች፣ ምንም ብንላት። ከድር ምን አላት? «ስታገቢ ያመለጠሽን እንዲመልሱልሽ ብዙ ፊኛ እልክበታለሁ።» የልጅ ማታለያ ነበር። እሷ ግን ያዘችው። አባቷ ከሞተ በሶስተኛው ዓመት ሽማግሌ ሲመጣላት፣ ጌጥ አላለች፣ ልብስ አላለች፣ «እማዬ፣ የአባዬን ፊኛ ብቻ» አለችኝ። እኔም በልቤ ማልኩ፣ ጾሜን ባድር ይቺን አላጎድልባትም፣ የአባቷ ቃል ነው።

ጊዜው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፣ ሞባይል ገና የሀብታም ዕቃ እያለ። የሚበር ፊኛ የሚሠራ አንድ ሰው አገኘሁ፣ ነስሩ የሚባል፣ አፉ የማያርፍ ቀልደኛ። የፊኛው ጋዝ ቀላል ነው፣ ግን አይነድም፣ ከማንም አይጣላም፣ ዝም ብሎ ወደ ላይ ነው። ከተማው ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም ነበርና ነስሩ ስንት ቦታ ለምኖ አንድ አጭር ቡናማ ቦምቦላ አመጣ፣ ሰርጉ እሁድ ነው፣ ዓርብ ዕለት «የቦምቦላ ቤት ይሻለዋል» ብሎ እኔ ሱቅ አስቀመጠው፣ ከሁለቱ አጫጭር አሲትሊኖቼ ጎን።

ቅዳሜ ጌታቸው መጣ። ጌታቸው ጎረቤታችን ነው፣ ቀለም ቀቢ፣ ልጄን ከልጅነቷ የሚያውቃት። «እትዬ ራህማ፣ ብር የለኝም፣ ስጦታዬ ቀለም ነው፣ ሱቁን ለሙሽራዬ ላሳምርላት» አለኝ። ደስ ብሎኝ ቁልፉን ሰጠሁት። እኔ በዚያ ቀን ቅቤዬን ተቀብቻለሁ፣ አልገባም፣ ደግሞ ሥራው መች ያስገባኛል። ማታ ቁልፉን መለሰልኝ፣ ፊቱ ሁሉ አረንጓዴ ነጠብጣብ። «ሲያዩት ያለቅሳሉ» አለኝ። አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት፣ ተኛሁ።

እሁድ ጠዋት ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል፣ ሴቶቹ ነጭ ሽንኩርት ይወቅጣሉ፣ ድስቶቹ እንጨት ላይ ተጥደዋል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ እልልታው ገና በሶስት ሰዓት ጀምሯል። በሱቁ የኋላ በር አጠገብ ሳልፍ ስስስስ የሚል ነገር ሰማሁ። ቆምኩ። ዝም አለ። አይጥ ነው አልኩ። አይጥ ስስስ አይልም፣ አውቃለሁ፣ ግን ሰርግ ነው፣ ማን ይከራከራል? በላሜራው ቀዳዳ አጮለቅሁ። ጨለማ ነው፣ ከጣሪያው በምትገባ ብርሃን የከድር መፍቻ ምስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ይታየኛል። ይወዛወዛል። ወዲህ፣ ወዲያ፣ ልክ አንድ ሰው አሁን ሰቅሎት እጁን እንዳነሳ። ጭነት መኪና አልፎ ይሆናል አልኩ። ያን ጠዋት ደግሞ መንገዱ ለሰርጉ ሲባል ለመኪና ተዘግቶ ነበር።

ከዝሁር በፊት እንደገና መጣሁ፣ በሩ ጋ የተደገፈ ሰፌድ ላነሳ። እጄ ቁልፉን፣ ያንን ትልቁን ጓጉንቸር ነካው። ቀዝቃዛ! ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ላሜራው ያቃጥላል፣ ጓጉንቸሩ ግን ጋዝ ሲወጣ የቦምቦላው ራስ እንደሚቀዘቅዘው ሆኖ፣ ውሃ ቋጥሯል፣ ላብ በላብ። እጄን በቀሚሴ ጠረግኩ። አንዷ ሴት «እትዬ ራህማ፣ ምነው ነጣሽ?» አለችኝ። «ቅቤው ነው» አልኳት።

ነስሩ መጣ፣ ዘግይቶ፣ ጎማውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ። ሙሽራው ከአሱር በኋላ ይደርሳል፣ አንድ ፊኛ እንኳን አልተነፋም። ሰደብኩት፣ ሳቀ፣ ቁልፉን ሰጠሁት። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ከውስጥ «ኧረ እትዬ ራህማ!» ብሎ ጮኸ። «ምነው?» አልኩት። «ጫካ ሆኗል እዚህ!» ጌታቸው ለካ ግድግዳውን ብቻ አይደለም፣ ቀለም ተርፎት ቦምቦላዎቹንም አንድ በአንድ አረንጓዴ አልብሷቸዋል፣ ረጅሙን አጭሩን፣ ጽሑፉን ምኑን ሸፍኖ፣ ደግሞ ከኋላቸው ሊቀባ ቦታቸውን አቀያይሯል። ሰውዬው በፍቅር ነው ያደረገው፣ ምን ትሉታላችሁ። እዚያው ድንኳን ውስጥ ወንበር ሲደረድር ጠራነው። ነስሩ «የኔ የቱ ነው?» አለው። ጌታቸው አንገቱን አሻሸ፣ አሰበ፣ «ዳር ያለው ነው፣ እርግጠኛ ነኝ» አለ። ሰው እርግጠኛ ነኝ ሲል ለምን እንደማንፈራ አላውቅም።

ነስሩ ዳር ያለውን አንከባሎ አወጣውና ድንኳኑ አጠገብ አቆመው፣ ጎማውን በሽቦ አስሮ የመጀመሪያውን ቀይ ፊኛ ነፋ። ተነፋ። ሲለቀው ግን አልወጣም። ጠግቦ እንደበላ ሰው መሬት ላይ ጋደም አለ። «ምነው ይሄ?» አልኩት። «ቀዝቅዞ ነው፣ ፀሐይ ሲመታው ይነሳል፣ አሁን ሁሉንም ልንፋና ድንኳኑ ውስጥ እንስቀላቸው» አለኝ፣ ሁለተኛውን ጀመረ። እኔም ለልጄ ደስታ ቸኩያለሁ፣ እሺ አልኩ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እሺ አልኩ። ድንኳኑ ውስጥ ስንት ልጅ ነው ያለው፣ ስንት ከሰል፣ ስንት ምድጃ።

አሁን ስሙኝ። በአንድ እጄ ሰሃን፣ በአንድ እጄ ጭልፋ ይዣለሁ፣ ከቦምቦላው ሁለት እርምጃ። ነስሩ ቦምቦላውን እንደ ወንድሙ አቅፎታል። ማንም አልነካውም። ወላሂ ማንም።

ጭልልል።

ግቢው ውስጥ ያ ሁሉ ጫጫታ እያለ ጆሮዬ ውስጥ ብቻዋን ገባች። ያቺው ናት፣ የጠዋቷ፣ ሰፈሩን የምትቀሰቅሰው።

ጭልልል።

ሶስተኛዋን ጠበቅሁ። እሱ ሶስት ነው የሚመታው፣ ሶስት ካልሆነ አይሆንለትም። ጠበቅሁ። አልመጣችም።

ነስሩ እጁን አንስቶ ወደኋላ አለ። ቀልዱ ከፊቱ ጠፋ። «እትዬ ራህማ፣ መቱት እንዴ?»

«በምኔ ልምታው?»

«ኧረ ደረቴ ድረስ ነዘረኝ እኮ!»

ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፣ ጠጋ ብዬ በጭልፋው እኔው መታሁት። ድብ። እንደገና መታሁት። ድብ። አሁን ከቅቤዬ ሥር ራሴ ቀዘቀዘ። «ነስሩ ዝጋው! ዝጋው! አሲትሊን ነው!» ለካ ሽታውም የነጭ ሽንኩርት ነው፣ አሲትሊን እንደዚያ ነው የሚሸተው፣ ግን ግቢው ሙሉ ነጭ ሽንኩርት እየተወቀጠ ማን ይለየው?

ነስሩ ዘጋ። ያ የመጀመሪያው ቀይ ፊኛ ግን የለም። ዞር ስል ነፋስ እየገፋው መሬት ለመሬት ይንከባለላል፣ ቀስ እያለ፣ እንደ ልጅ፣ ወደ ድስቶቹ። ልብስ ለብሻለሁ፣ ወርቄን አድርጌያለሁ፣ ከቤት ከወጣሁ ሮጬ የማላውቅ ወፍራም ሴት ነኝ። ሮጥኩ። ሰሃኑ የት እንደወደቀ አላውቅም። ከውሃው በርሜል ጋ ደረስኩበትና በቀሚሴ አፍኜ ያዝኩት፣ እንደ ዶሮ ታቅፌ በውጭው በር ወጣሁ፣ ከእሳት የራቅሁ ሲመስለኝ ምን ላድርገው፣ ተቀመጥኩበት። ጧ! መንገደኛው ሁሉ ዞረ። የሽንኩርት ሽታው ደግሞ ከኔ ሥር ተነሳ። አንዱ ተሸካሚ ሸክሙን እንደያዘ አየኝና «እትዬ፣ ምሳ ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ። እንዴት እንደሳቅሁ! እያለቀስኩ ሳቅሁ፣ መነሳት አቃተኝ፣ ጌታቸውና ነስሩ ናቸው ጎትተው ያነሱኝ። ሁለተኛዋን ፊኛ ነስሩ እዚያው ውጭ አስተነፈሳት።

አሁን የነስሩን ጋዝ ማግኘት ብቻ ቀረን። ማን ይለየዋል፣ እኔ ነኝ። ቅቤው አለ። በሩ ላይ ቆምኩ። «ከድር፣ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አልኩና ራሴን በትልቅ ፌስታል ጠቅልዬ፣ እጄን በሳሙና ሁለቴ ታጥቤ ገባሁ። ሁለቱን አጫጭር አንኳኳሁ፣ አንዱ ድብ፣ አንዱ ጭልልል። «ይሄው ልጅህ» አልኩት ነስሩን። ልወጣ ስል ዓይኔ መፍቻው ላይ አረፈ።

ጫፉ አረንጓዴ ነው። እርጥብ። በጣቴ ነካሁት፣ ጣቴ ላይ ቀረ። ጌታቸውን ጠራሁት። «ይሄን አውርደሃል?» አልኩት። «ኧረ እኔ የጋሼ ከድርን መፍቻ አልነካሁም፣ ፈርቼ ዙሪያውን ነው የቀባሁት፣ ይዩት» አለኝ። አነሳነው፣ እውነቱን ነው፣ ከመፍቻው በስተጀርባ ግድግዳው ላይ የመፍቻው መልክ በአሮጌው ነጭ ቀለም ቁጭ ብሏል። ወጥተን ቦምቦላዋን አየን። ወገቧ ላይ ቀለሟ ሁለት ቦታ ተገሽልጧል፣ የመፍቻ ጫፍ የሚያህል፣ ሁለት። እኔ በጭልፋ የመታኋት ከላይ ከትከሻዋ ነው፣ እሱ ሌላ ነው። ጌታቸው አማተበ። ነስሩ ቢስሚላህ አለ። እኔ «ዝም በሉ፣ ሙሽራ እየመጣ ነው» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ፣ ደስታ ነበር። ፊኛዎቹ ወጡ! ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ድንኳኑን ይዘውት የሚሄዱ እስኪመስል። ሙሽራው ደረሰ፣ ከፊቱ አጎቱ ሀጂ በድሩ፣ ሲያዩዋቸው ሰው ልብሱን የሚያስተካክልላቸው ኮስታራ ሽማግሌ። ነስሩ ጠጋ አላቸውና «ሀጂ፣ መንገድ ላይ ድምፅዎ ደርቋል፣ ይቺን አንድ ጊዜ ሳብ ያድርጓት፣ ጉሮሮ ትከፍታለች» አላቸው፣ ፊኛዋን ከፍቶ። ልከለክለው ስል ሳቡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ሙሽሪትን አምጡልን!» አሉ፣ በጫጩት ድምፅ! ሀጂም ራሳቸውን ሰሙት፣ ዓይናቸው ፈጠጠ፣ «ይሄ ማነው?» አሉ፣ አሁንም ጫጩት። ከዚያ ራሳቸው ቀድመው ሳቁ፣ የሳቃቸው ድምፅ ደግሞ የባሰ፣ ሰው መሬት ላይ ወደቀ፣ ሁለቱ ቤተሰብ ያኔ ነው የተዛመደው እንጂ በኒካሁ አይደለም እላለሁ እኔ። «ራህማ፣ የጋዝ ቤት ልጅ ስናገባ መጠንቀቅ ነበረብን» አሉኝ ድምፃቸው ሲመለስ። «ሀጂ፣ ገና ምኑን አዩ» አልኳቸው።

ፎዚያ ወጣች፣ የፊኛዎቹን ክር በሁለት እጇ ያዘች፣ ቀና ብላ «አባዬ፣ ላክሁልህ» አለችና ለቀቀችው። እንዳሰበችው አይደለም፣ እሱ ነበር የሚልከው፣ እሷ ላከችለት። ከመስጊዱ ሚናሬት በላይ አለፉ፣ ገበያው ሁሉ አንጋጦ አየ። አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፣ ፌስታሉን ከራሴ ማውለቅ ረስቼ፣ ፎቶውም ላይ እንደዚያው ነኝ፣ ነጅዋ ስታየው አሁንም ትስቃለች።

በኋላ የፋብሪካው ሰው ባዶ ሊወስድ ሲመጣ ቦምቦላዋን አሳየሁት። መታት፣ ድብ። «ይቺ ጮኸች ነው የሚሉኝ? እትዬ፣ ሆዷ እኮ ጥቅጥቅ ነው፣ ብታርዷትም አትጮህም» አለኝ። ጌታቸው «መፍቻውን ሳላውቅ ነክቼው ይሆናል» ይላል፣ «ያልደረቀ ቀለም ነው» ይላል፣ ይሁን። ነስሩ ግን «ማንም ሳይመታው ነዘረኝ» እንዳለ ነው፣ እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ ደረቱን ይዳብሳል። እኔ ምን እላለሁ? አይጥ አልልም።

ሱቁን ተውኩት፣ ጉልበቴ አልቻለም። ያቺን ቦምቦላ ግን አልመለስኩም፣ ከፍዬ አስቀረኋት፣ ባዶዋን መኝታ ቤቴ ጥግ ቆማለች፣ አረንጓዴዋን እንደለበሰች፣ ሁለቱ ግሽልጥ ወደኔ ዞሮ። ነጅዋ «አያቴ ቦታ ያዘች፣ እናውጣት» ትለኛለች። አይሆንም። ከድር ሶስት ሳይመታ የተወበት ቀን የለም፣ አንድም ቀን፣ ታሞ እንኳን እየተደገፈ ወጥቶ ሶስት መትቶ ነው የሚገባው። ለኢድም ቢሆን ቅቤ ትቻለሁ፣ ምናልባት እሱ እዚያ ጥግ ከሆነ ብዬ። ጠዋት ሱቅ የሚከፈትበት ሰዓት ሲደርስ ዝም ብዬ አልጋዬ ላይ እቀመጣለሁ፣ ደስ እያለኝም ነው እየፈራሁም ነው፣ ጆሮዬን ወደ ጥጉ አድርጌ። ሁለቱን ሰምቻለሁ። አንድ ይቀራል።